አራት ገጽ፣ ሦስት ደቂቃ

ባለፈው ሳምንት የጀመርኩትን ያላነበበ ቢኖር ቅር አይበለው፤ ብዙ አላመለጠውም። ስሜ አልቪና ባወር ነው። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ዌለር በምትባል የስንዴ አገር ከተማ፣ በትምህርት ቤቱ ኩሽና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አብስያለሁ። ባሌ ኤሚል ከሞተ ወዲህ የምኖረው በታላቅ ወንድሜ በራይንሆልድ ግቢ፣ ከጎተራው ጀርባ ባለችው ትንሽ ቤት ነው። ሜሪት ሃልቮርሰንን እወደዋለሁ። ይኸው፣ አልኩት። ባለፈው ሳምንት ስንት ገጽ ሙሉ ስዞር ስዞር ያላልኩት ዛሬ በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ።

ሜሪት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ የቦርዱ ሰብሳቢ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ኖርዌጂያን። እኛ የጀርመን ዘር የሆንነው የከተማው ሰዎች እስከ ዛሬ "መጤው" ነው የምንለው፤ ከመጣ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በዚያ በሚንኳኳ ፒክአፑ እየመጣ ኩሽናዬ ውስጥ ይቀመጣል። የፕለም ኬክ አቀርብለታለሁ። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰድበዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄድን። እሱ ቶሎ ብሎ "አንቺ" አለኝ። እኔ ግን አንቱታውን መተው አቃተኝ። ለኔ ርእሰ መምህር ምንጊዜም ርእሰ መምህር ነው።

ያን የበረዶ ወራት ዌለር የምታወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ወግ ያለው እድሳት አላየም። ጣሪያው ያፈስሳል። ማሞቂያው ቦይለር ጠዋት ጠዋት እንደ ታመመ በሬ ያቃስታል። ኩሽናው ግድግዳ ላይ እጃችሁን ብታሳርፉ ልስኑ እጃችሁን ተከትሎ ይመጣል። ቦርዱ ለእድሳት የሕዝቡን ድምፅ ጠየቀ። ከመቶ ስልሳው እሺ ካለ በመሬት ላይ ግብር ይጨመርና ይታደሳል፤ ስልሳ ካልሞላ ይቀራል። ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይከፍላል። በዌለር ብዙ መሬት ያለው ደግሞ ወንድሜ ነው። እንግዲህ እኔ የማን ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለማን ኬክ እንደምጋግር ይታያችሁ።

ጥር መግቢያ ላይ ነው። ሜሪት ኬኩን ጨርሶ ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ፣ "በወሩ መጨረሻ በስፖርት አዳራሹ፣ ጂም ውስጥ ስብሰባ አለ" አለኝ። "ስለ ኩሽናው የሚናገር ሰው ብናገኝ ጥሩ ነበር። እዚያ ዕድሜውን የቆመ ሰው።"

"ዶሎሬስን ይጠይቋት። ኩሽናው አሁን የእሷ ነው።"

"ዶሎሬስንማ እጠይቃታለሁ።" ተነሣ። ከዚያ ቆመ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ ወፍራም ፖስታ አወጣ። "ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው። መልሱን ማክሰኞ ትነግሪኛለሽ።"

ሄደ። ፖስታውን ቀደድኩት። አራት ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ወይን ሐረግ የተጠላለፈ የእጅ ጽሕፈት።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። እኔ ማንበብ እችላለሁ። ጋዜጣ አነባለሁ፣ የዘር ከረጢት ላይ ያለውን አነባለሁ፣ ቀስ እያልኩ መጽሐፍ ቅዱስም አነባለሁ። የታተመውን፣ ፊደሉ ነጠላ ነጠላ የሆነውን ማለቴ ነው። የምጽፈውም እንደዚያው ነው። ሰው በእጁ ፊደላቱን እርስ በርስ አያይዞ የጻፈውን ግን አላነብም። አያይዞ መጻፍ የሚማሩት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እኔን አባቴ ከሁለተኛ አወጣኝ። እናታችን ሞታ ነበር። አሥራ አራት አጫጆች ምሳ ይፈልጉ ነበር። ራይንሆልድ ወንድ ስለሆነ ይማር ተባለ። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ምድጃው ላይ ማብሰል ጀመርኩ።

ሜሪት ርእሰ መምህር ሳለ ወደ ኩሽና ማስታወሻ ይልክልኝ ነበር። ነገ ስድስት እንግዳ አለ፣ ዓርብ ልጆቹ ግማሽ ቀን ናቸው፣ በዚያው ሐረጉ። እኔ "እጄ ሊጥ ነው፣ አንብቢው" እላለሁ፣ ረዳቴ ዶሎሬስ ታነባለች። እጄ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሊጥ ነበር።

አራቱን ገጽ አገላበጥኩ። የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት። ይሄኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ስለ ኩሽናው የሚናገር ሰው ይፈልግ የለ? ንግግሩን ጽፎ ሰጥቶኝ ነዋ! መነጽሬን አድርጌ፣ በከተማው ሁሉ ፊት፣ የማላነበውን ላነብለት! ጥያቄውም ትናገሪያለሽ ወይ ነው። ላብ አጠመቀኝ። ማንን ልጠይቅ? ራይንሆልድን? ዶሎሬስን? የቤተ ክርስቲያን ሴቶችን? ጆሮዬን ብቆርጥ እመርጣለሁ።

ማክሰኞ መጣ። ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

"አነበብሽው?"

"አነበብኩት።"

"ታዲያ ምን ትያለሽ?"

"ለዚህ የሚሆን ሌላ ሰው ይፈልጉ። የተማሩ ሴቶች ሞልተዋል።"

"የተማረች ሴት አልፈለግኩም እኮ፣ አልቪና።"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ በከተማው ፊት መሳቂያ አልሆንም።"

"መሳቂያ" አለ፣ ቃሉን ከወለል ላይ እንዳነሳው ሁሉ።

"መሳቂያ። ደግሞስ ራይንሆልድ ምን ይላል?"

ያኔ ያየኝን አስተያየት ምነው ዓይኔ ባልያዘው ኖሮ። ኬኩን አልነካውም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ አዞረውና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚስዝ ባወር" አለኝ።

ሚስዝ ባወር! ያድርጉልኝ! ሁለት ዓመት አንቺ ሲለኝ ኖሮ! ፒክአፑ እየተንኳኳ ከግቢ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። ንግግር አልናገርም ስለተባለ ሰው እንዲህ ይከፋዋል? ብዬ ራሴን ብጠይቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። አልጠየቅኩም። ኩራቴ ተነክቶ ነበር፣ እና ኩራቴ ሲነካ ጭንቅላቴ ሥራ ያቆማል።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ኬክ ጋገርኩ። አልመጣም። የሚቀጥለውም። ሁለቱንም ኬክ የራይንሆልድ ውሾች በሉት። "ገባኝ" አልኩ ለራሴ። "ሁለት ዓመት የተመላለሰው ለትምህርት ቤቱ ነው። የቦርዱ አፍ ላድርጋት ብሎ ነው። እምቢ ስለው ውሃ እንኳ ሊጠጣ አልመጣም።" እንዲህ ተቃጥዬ ነው ወደ ስብሰባው የሄድኩት።

ጂሙ ጢም ብሎ ነበር። ጣሪያው ያፈስስ ስለነበር ወለሉ ላይ አራት ባልዲ ተደርድሯል፤ ሰዉ ወንበሩን በባልዲዎቹ መሀል አመቻችቶ ተቀምጧል፤ ለምደነዋል። ሜሪት ከፊት ቆሞ ስለ ቦይለሩ ተናገረ። አላየኝም፤ ወይም አይቶኝ እንዳላየ ሆነ። ከዚያ ዶሎሬስ ተነሥታ ስለ ኩሽናው ከወረቀት አነበበች። ቀጥ ብላ፣ ሳትደናቀፍ፣ ቀና እያለች ሰዉን እያየች። ያቺ ልጅ ሊጥ ማቡካት ያስተማርኳት ናት። ቅናት እንደ ቃር ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

ቀጥሎ ራይንሆልድ ተነሣ። ወንድሜ ሲናገር አውራ ጣቱን መታጠቂያው ውስጥ ይከታል።

"እኔ በዚሁ ጣሪያ ስር ተምሬ ወጥቻለሁ" አለ። "ያኔም ያፈስስ ነበር። ያፈሰሰብኝ ነገር ጭንቅላቴን አላበላሸውም።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሳቅ ሆነ።

ራይንሆልድ ቀላ። "ሳቁ! ሰውን ሰው የሚያደርገው ሕንፃ አይደለም። እህቴን ጠይቋት! ሁለተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። ከእናንተ ማን ይበልጣታል? እስቲ አንቺው ንገሪያቸው፣ አልቪና!"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ሜሪትም ዞረ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየው። አስተያየቱ ልምምጥ ይሁን ኀዘን ያኔ አልለየሁትም፤ ንቀት ነው ብዬ ወሰድኩት። ተነሣሁ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆቻችሁን ያበላሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ እንጂ ፊደል አላበላኋቸውም። አንድም ልጅ ርቦት አልሄደም። ቤት አስተዳድሬአለሁ፣ ባል ቀብሬአለሁ፣ የማንንም እጅ አላየሁም። አለመማሬ ምን አጎደለብኝ?" ሜሪትን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የምናገረው። "ምንም! ምንም አልጎደለብኝም!"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያወርደው ነበር። ለዚያ ጣሪያ ብዙ አይፈጅበትም። ገበሬዎቹ እግራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። "እንዲህ ነው እንጂ፣ አልቪና!" አለ አንዱ። ሜሪት ብቻ ወረቀቶቹን ዝቅ ብሎ ይሰበስብ ጀመር፣ አንዱን ባንዱ ላይ፣ ጠርዛቸውን እያስተካከለ። ተቀመጥኩ። ሰዉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረገ ሲያልፍ አንድም ደስታ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ እኔ ባበሰልኩት ምግብ ልጅ እንደታመመ ያህል ነው።

የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መጣ። የታተመ ስለሆነ አነበብኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ "እሺ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ማንም አላየኝም። አፌ ስንቱን ሰው ወስዶ እጄ በስውር አንድ መለሰ። ይኼ ሥራዬ እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል።

ውጤቱ ሲመጣ ከመቶ ሃምሳ ሰባት ሆነ። ወደቀ። ራይንሆልድ ቢራ ከፈተ። "ያንቺ ንግግር ነው የጨረሰላቸው" ብሎ አንዱን ጠርሙስ ዘረጋልኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ የኩሽናው ኮርኒስ ወደቀ። አንድ ሰፊ ቁራጭ፣ ልጆቹ ትሪ ይዘው የሚሰለፉበት ላይ። ደግነቱ ልጆቹ ገና አልገቡም ነበር። ይህን ስሰማ ካፖርቴን አድርጌ በበረዶው ላይ በእግሬ ሄድኩ። ዶሎሬስን ፀጉሯ በኖራ ነጥቶ፣ አካፋ ይዛ አገኘኋት።

"ሚስ አልቪና" አለች። ቀና አላለችም። "ምን ጎድሎብዎ መጡ?"

ይገባኛል። መጥረጊያ አነሣሁ። ትንሽ አብረን ጠረግን። ዶሎሬስ አካፋዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"እኔ እኮ ሌላው ሰው ያን ቢናገር ምንም አይመስለኝም። እርስዎ ግን! አሥራ አምስት ዓመት እኔ ያነበብኩልዎ! 'እጄ ሊጥ ነው' ሲሉኝ ሊጥ ያልነካ እጅ ስንቴ አይቼ ዝም አልኩ? እርስዎን ላለማሳፈር እኮ ነው። እርስዎ ደግሞ ተነሥተው ምንም አልጎደለብኝም ይላሉ፣ ልጄ እያለች፣ እዚሁ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ እየሰማች!"

ለካ ታውቅ ነበር! ወለሉ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ደብዳቤውን ከካፖርቴ አወጣሁ። ለምን ይዤው እዞር እንደነበር አትጠይቁኝ።

"እንግዲያው አሁንም አንብቢልኝ" አልኳት። "ሃልቮርሰን ጂም ውስጥ እንዳነብለት የጻፈልኝ ንግግር ነው። ምን እንዳልኩት አላውቅም። ቢያንስ ለምኑ እምቢ እንዳልኩ ልወቅ።"

እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ሁለተኛውን። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው፣ እጄ ውስጥ መልሳ ጣቶቼን በራሷ እጅ ዘጋችልኝ።

"ይሄ ንግግር አይደለም" አለችኝ።

"ታዲያ ምንድነው?"

"ይሄን እኔ አላነብልዎም። የእኔ ጆሮ ሊሰማው የተጻፈ አይደለም። ምን ብለው ነው የመለሱለት?"

"መሳቂያ አልሆንም አልኩት።"

ዶሎሬስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ወይ ሚስ አልቪና!"

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የተጨማለቀው ወለል መሀል ቆሜ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ራስ ከበደኝ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ሲያዞር ታየኝ።

ያን ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዚያው ጂም የቦርዱ ስብሰባ ነበር። በሚያዝያ ድምፅ እንደገና እንጠይቅ ወይስ እንተወው የሚለውን ሊወስኑ። ስብሰባው ሲጀመር ማንም የከተማው ሰው ስሙን በር ላይ ባለው ወረቀት ላይ ጽፎ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቦርዱ ለተናጋሪው መልስ አይሰጥም፤ ደንቡ ነው። ብትሰድቧቸውም ብታለቅሱባቸውም ሰብሳቢው "አመሰግናለሁ" ብቻ ነው የሚለው። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ ሜሪት ነው፤ ራይንሆልድ አንድ ምሽት አርባ ደቂቃ ከጮኸበት በኋላ።

ስሜን በነጠላ ፊደል ጻፍኩ። እንዲያ ስጽፍ በሩ ላይ የነበረችው ሴት አየችኝ። ትየኝ።

ሜሪት ስሜን ሲጠራ ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነበር። "ሚስዝ ባወር። ሦስት ደቂቃ አለዎት።"

ከኋላ ጭብጨባ ተነሣ። ያው ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው፤ ያንኑ ልደግምላቸው መስሏቸዋል። ራይንሆልድ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አውራ ጣቱን መታጠቂያው ውስጥ ከቶ ፈገግ ብሏል። አረንጓዴው በራ።

"ባለፈው ወር እዚሁ ቆሜ አለመማሬ ምንም አላጎደለብኝም ብያችኋለሁ" አልኩ። "ዋሽቻለሁ።"

ጭብጨባው ቆመ።

"ከስድስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው አራት ገጽ ደብዳቤ ሰጠኝ። ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። እስከ አሁን አላነበብኩትም። የእጅ ጽሕፈት ነው፤ እኔ የእጅ ጽሕፈት አላነብም። የሚያስተምሩት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ እኔ ሁለተኛ ላይ ወጣሁ። ሰውየው 'አነበብሽው?' አለኝ። አነበብኩት አልኩት። 'ታዲያ?' አለኝ። ምን እንደጠየቀኝ ሳላውቅ እምቢ አልኩት። በቁም አዋረድኩት። ከዚያ አልመጣ ሲለኝ ተናድጄ እዚህ መጥቼ እናንተን አሞኘኋችሁ።"

የሜሪት እስክሪብቶ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም። አንገቱ፣ እዚያ እስከ ላይ የተቆለፈው ሸሚዝ ጠርዝ ላይ፣ ቀስ እያለ ሲቀላ አየሁ። ከሰዉም ብዙው አየ። አንዲት ሴት "ኦ" ስትል ተሰማኝ።

"ተቀመጪ አልቪና!" አለ ራይንሆልድ። "ምን ዓይነት ቅሌት ነው!"

"ሦስት ደቂቃው የኔ ነው ራይኒ። አንተ አርባ ስትወስድ አላቋረጥኩህም።"

ማንም አልሳቀም። ቢጫው በራ።

"ብትስቁብኝ ይገባኛል። ወፍራም ቆዳ አለኝ፣ እችለዋለሁ። ግን ምን ጎደለብኝ ብዬ ጠይቄአችኋለሁና ልንገራችሁ። ይኼ ነው የጎደለብኝ።" ደብዳቤውን ከፍ አደረግኩ። "በዓለም ላይ አንድ ሰው ለኔ ብሎ አራት ገጽ ጻፈልኝ፣ እኔ አንዱን ቃል አላውቀውም። ዛሬ እዚያ ኩሽና ውስጥ ኮርኒስ ስጠርግ ነበር። ልጆቹ ኮታቸውን ለብሰው ክፍል ውስጥ ሳንድዊች በሉ። ድጋሚ ጠይቁን። እኔ በየቤቱ እየዞርኩ የተናገርኩትን እውጣለሁ። በየበሩ። እና ይቅርታ። ለሁላችሁም። ለ..."

ስሙን መጥራት አቃተኝ። እኔ፣ ምላሴን ከተማው የሚፈራው። ቀዩ መብራት በራ።

ደንቡን ሁሉም ያውቃል፤ አንድ ቃል ነው የሚፈቀድለት። ሜሪት ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። መነጽሩን አወለቀ።

"አመሰግናለሁ፣ ሚስዝ ባወር" አለ። "ጊዜዎ..." እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ጊዜሽ አልቋል፣ አልቪና።"

ከተማው ሁሉ ሰማው። መቀመጫዬን እንዴት እንዳገኘሁት አላውቅም፤ ዶሎሬስ ይመስለኛል ክንዴን የያዘችኝ። ቦርዱ ድምፅ ሰጠ፤ ሦስት ለሁለት፣ በሚያዝያ ድጋሚ ይጠየቅ ተባለ። ስሙን ሳልጠራው የቀረሁት ሰው ሦስተኛው እጅ ነበር።

ስብሰባው ሲያልቅ ሰው ሊያናግረኝ ሳይደርስ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ ልጆች የበረዶ ጫማ የሚያወልቁባት ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል። ራይንሆልድ መጣ። ቆመብኝ።

"የአባታችንን ስም አዋረድሽ።"

"ከትምህርት ቤት ያወጣኝ አባታችን ነው፣ ራይኒ። አንተ ደብተር ይዘህ ስትወጣ በመስኮት አይህ ነበር።"

አውራ ጣቱን ከመታጠቂያው አወጣ። "ቤቱን እስከ ፀደይ ልቀቂልኝ" አለና ሄደ። አካሄዱ ግን የተናደደ ሰው አካሄድ አልነበረም፤ ወለሉን ወለሉን ነበር የሚያየው።

ከዚያ የሜሪት ጫማ መጣ። ከፊቴ ቆመ። ቀና አላልኩም። አጠገቤ ተቀመጠ፤ በዚያ ቁመቱ እዚያች የሕፃን አግዳሚ ላይ ሲታጠፍ ጉልበቱ ተንቋቋ።

"አሥራ አምስት ዓመት ማስታወሻ ልኬልሻለሁ" አለ።

"እጄ ሊጥ ነበር።"

"አንድ ልጅ ማንበብ አቅቶት ሲደብቅ ከበሩ ላይ ሆኜ አውቅ ነበር። ስንቱን ልጅ! በዚህ ነው የምኮራው፣ ታውቂያለሽ? አንቺ ከቢሮዬ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሽ። እኔ ነኝ ማፈር ያለብኝ።"

"ተራዎን ይጠብቁ" አልኩት። "ዛሬ የኔ ነው።"

ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። እጄ ውስጥ ከርሞ ከርሞ ጠርዙ ረጥቧል።

"ያንብቡልኝ" አልኩት።

"እዚህ?"

"እዚህ። ቤት ስደርስ ድፍረቴ ያልቃል።"

መነጽሩን አደረገ። "ውድ አልቪና" ብሎ ጀመረ። ድምፁ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። "ይህን በአፌ ልነግርሽ ስድስት ማክሰኞ ሞከርኩ። ስድስቱንም ጊዜ ኬክ ጨመርሽልኝና ዝም አልኩ። በጽሑፍ እሻላለሁ መሰለኝ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። ስለ ቤቱ አነበበ፤ ሁለት ወንበር እንዳለ፣ አንዱ ላይ ጋዜጣ ብቻ እንደሚቀመጥ። በዚህ ከተማ ሰው ሁሉ በትሕትና እንደሚያናግረው፣ የምሰድበው እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ እና ከሳምንቱ የሚጠብቀው ስድቡን እንደሆነ። የኤሚልን መቃብር ሳጸዳ አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቶኝ ባርኔጣውን አውልቆ እንደቆመ። እኔ አላየሁትም ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄን ልዝለለው?"

"አንድ ፊደል እንዳይዘሉ።"

"ከተማው ምን ይላል ትይ ይሆናል" ብሎ አነበበ፣ ቀስ ብሎ። "ራይንሆልድ ምን ይላል ትይ ይሆናል። በዚህ ዕድሜያችን የሚስቅብን አይጠፋም። ይሳቁ። አንቺ አጠገቤ ካለሽ መሳቂያ መሆን ለእኔ ከክብር ይበልጥብኛል።"

በሁለት እጄ ፊቴን ሸፈንኩ። መሳቂያ አልሆንም! ይህን አንብቤ፣ ይህን ተረድቼ፣ ፊቱ ላይ ያልኩት መስሎት አምስት ሳምንት ኖሯል። ባርኔጣውን ይዞ ወጥቷል። እኔ ጂም ውስጥ ቆሜ ሳስጨበጭብበት ወረቀቱን እያስተካከለ ሰምቷል። አንድም ጊዜ ክፉ አልመለሰልኝም።

"ኧረ በቃ" አልኩ። "ይሄን ያህል አልችልም።"

"አንድ ገጽ ነው የቀረው።"

አነበበው። እምቢ ካልኩት ዳግመኛ በሬን እንደማያንኳኳ፣ ይህም ከቂም ሳይሆን እኔን ላለማስጨነቅ እንደሆነ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር፣ ያንን በዓይኔ የለየሁትን የጥያቄ ምልክት ያለበትን፣ አላነበበውም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደኔ ዞረና በቃሉ ጠየቀኝ።

ላብራራ፣ ልለምን፣ ይቅርታ ልጠይቅ የፈለግኩትን ሁሉ ተውኩት።

"መልሴ እሺ ነው" አልኩት። "ግን ሦስተኛውን ገጽ ድገምልኝ። ሳፍር አልሰማሁትም፣ ሜሪት።"

አንተ ማለቴን እኔ ራሴ ያወቅኩት ከወጣ በኋላ ነው። እሱ ግን ወዲያው ሰማ። ወረቀቱን በሁለታችን መሀል ዘረጋውና፣ ጣቱን ከመስመሩ ስር እያስኬደ፣ ቃል በቃል፣ እንደገና ጀመረ። ሰዎች ከጂሙ እየወጡ በፊታችን ያልፉ ነበር። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። አላዞርኩትም።